ሳይነጋ የሚታጠብ ጨርቅ

ሐምሌ 28
ዛሬ ጃጁራ፣ እህቴ ቤት ገባሁ። ከፎንቆ ስነሳ የጀመረው ዝናብ ሆሳዕና ላይ መኪና ስቀይርም፣ እዚህ ስወርድም አላቆመም። ጫማዬ እስካሁን አልደረቀም።
ይህን አጀንዳ ሆሳዕና ላይ የሰጠኝ ጋሼ ዕንባቆም፣ የእህቴ ባል ነው። ሆሳዕና መሥሪያ ቤት ይሠራል፣ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። አጀንዳው ሽፋኑ ላይ የበቆሎ ሥዕል አለው። "ትምህርቱ እንዳይጠፋብሽ ጻፊበት" አለኝ። ስድስተኛን ጨርሼ ካቋረጥኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። "እህትሽ ወልዳ እስክትጠነክር አግዣት፣ መስከረም ላይ ሰባተኛ አስመዘግብሻለሁ" አለ። ሁለት ጊዜ ተናገረው። ሁለተኛውን ሳልጠይቀው ነው።
በአማርኛ የምጽፈው እማማ ዓለሚቱ እንዳያነቡት ነው። የጋሼ ዕንባቆም እናት ናቸው፣ ቤቱም የሳቸው ነው። ለነገሩ በሀዲይኛ ብጽፈውም ማንበብ አይችሉም። ግን ሰው ሊያስነብቡ ይችላሉ።

ሐምሌ 30
የጎረቤታችን ሚስት ሐዳሳ መጣች። ባሏ ጠና ይባላል፣ ባለ ባጃጅ ነው። እሷም ነፍሰ ጡር ናት፣ ሁለት ወር ይቀራታል። እኔ ከግርግዳው ወዲያ ቆጮ ስከትፍ አልሰማ መስሏቸው ነበር።
"ይቺ ልጅ ምላስ የላትም እንዴ?" አለች ሐዳሳ።
"አላት፣ ታስቀምጠዋለች እንጂ" አሉ እማማ። "ለአራስ ቤት የምትሆነው እንዲህ ያለችው ናት። ያየችውን ይዛ ደጅ አትወጣም።"
"እንግዲያው ለኔም አውሱኝ!"
ሳቁ። እኔም ለብቻዬ ፈገግ አልኩ። ሰው ስለ እኔ ጥሩ ሲናገር ብዙ ጊዜ ሰምቼ አላውቅም።

ነሐሴ 1
እቴ ትርፌ ዛሬ ፀጉሬን ሠራችኝ። ሆዷ ጀርባዬን ይገፋኛል። ሕፃኑ ሲራገጥ እኔም ተሰማኝ።
እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። እናታችን ስትሞት እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ እኔ ደግሞ ገና ሳምንት ያልሞላኝ። ሰው "አንቺን ወልዳ ነው የሞተችው" ይለኛል። ከዚያ በላይ የሚናገር የለም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ ልጠይቃት ብዬ አፌን ከፈትኩ። "አመመሽ?" አለች፣ ፀጉሬን የጎተተችብኝ መስሏት። "አይ" አልኩ።

ነሐሴ 5
ምጥ ከጠዋት ጀምሮ። ጠና በባጃጁ ጤና ጣቢያ አደረሰን። ሰባት ሰዓት ላይ ወለደች። ሴት። ጩኸቷ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። እቴ ትርፌ ሳቀች። ተመስገን።

እዚያው ቀን፣ ማታ
ሁሉም ተኝቷል። አሁን ተረጋግቼ ልጻፍ።
አዋላጇ ሲስተር ዮዲት ትባላለች። ወጣት ናት፣ የዱራሜ ልጅ ናት ይላሉ፣ ስትቆጣ ከምባትኛ ይቀድማታል። "እስከ ነገ እዚህ ትተኛ፣ ልያት" አለች። እማማ ግን ቤቱ እንግዳ ሞልቶታል፣ አተካናው ተሠርቷል፣ ቅቤው ሊረጋ ነው አሉ። አተካና ማለት በቡላና በቅቤ ለአራስ የሚሠራው ነው። ጠናም ባጃጁን አስነስቶ ይጠብቃል፣ ዝናቡ ሊመጣ ነው። ተከራከሩ፣ ሲስተር ተሸነፈች።
"እሺ፣ እንግዲያው ስሙኝ" አለች። "ደሙ በየቀኑ እየቀነሰ መሄድ አለበት። አንድ ጨርቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰ፣ የቀነሰው ተመልሶ ከበዛ፣ የረጋ ደም ከወጣ፣ ስትነሳ ካዞራት፣ ከሸተተ፣ ካተኮሳት፣ አምጧት። ነገ እንዳትሉ።"
"ዘጠኝ ወር የተጠራቀመ ነው ልጄ፣ ይውጣ እንጂ" አሉ እማማ። "ውስጥ ከቀረ አይደል አራስን ራሷን የሚያስታት?"
"የተጠራቀመ አይደለም እማማ። የራሷ ደም ነው፣ ሌላ የላትም።"
ከዚያ የእቴ ትርፌን እጅ ይዛ ከእምብርቷ በታች አስዳሰሰቻት። ማህፀኑ እንደ ኳስ ጠንክሮ መገኘት አለበት አለች። ከላላ ጫን ብሎ ማሸት፣ ሽንት ማስሸናት፣ ልጅቷን ጡት ማስያዝ፣ ከዚያ ሩጫ ወደ ጤና ጣቢያ። እማማ ነጠላ እያጣጠፉ ነበር። እኔ በሩ ኋላ ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ። ግን ለእኔ አልነበረም የምትነግረው። ወደ እኔ አላየችም።

ነሐሴ 6
እማማ ሳይነጋ ቀሰቀሱኝ። ሥራዬን አሳዩኝ። የአራስ ጨርቅ የሚታጠበው ሰው ሳይነሳ ነው። ከእንሰቱ ማሳ በታች ካለው ወንዝ፣ ሰው ከማይቀዳበት በኩል። "የአራስ ደም ዓይን አይየው" አሉ። ዓይን ካየው ጡት ይደርቃል። እስኪነጣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ስትወጣ አጥር ላይ ይሰጣል፣ እንግዳ ሲመጣ ንጹሕ ጨርቅ ያያል። "የቤቱ ክብር ነው" አሉ።
ውኃው እጅ ይቆርጣል። ሰባት ጨርቅ። ቁጠሪ ያለኝ የለም፣ ሒሳብ ስለምወድ ነው የቆጠርኩት።

ነሐሴ 7
ስድስት።

ነሐሴ 8
አምስት። ጣቴ ተሰነጣጠቀ። እቴ ትርፌ ቅቤ ቀባችልኝ። እኔ ነኝ እሷን መቀባት የሚገባኝ።

ነሐሴ 10
ሦስት። ጋሼ ዕንባቆም መጣ። ልጁን እንደ እንቁላል ነው የሚይዛት። እማማ አጥሩ ላይ ያሰጣሁትን ለጠያቂዎች አሳዩ፤ "እዩልኝ፣ የደብተር ወረቀት ነው የሚመስለው!" አሉ። ደህና ናት። ቀንሷል።

ነሐሴ 12
ሲስተር ዮዲት ዛሬ መጣች። እግረ መንገዷን ነው፣ ማንም አልጠራትም። ቤቱ በጠያቂ ተሞልቶ ነበር። የቸርቹ ሴቶች ይዘምራሉ፣ ሐዳሳ ሕፃኗን ታቅፋለች።
"ጨርቁን አሳዩኝ" አለች ገና ከመግባቷ።
እማማ ወደ አጥሩ መሯት። አሥራ ሁለት ጨርቅ ነጭ ሆኖ ይወዛወዛል። እማማ ኮሩ። ሲስተር ግን ፊቷ አልተፈታም። "ይሄ ምን ይነግረኛል? ያልታጠበ ነው የፈለግኩት" አለች። ሴቶቹ እንደ መሳቅ አሉ። አንዷ "ኧረ ጉድ!" አለች።
ሆዷን ልዳስስ ስትል እቴ ትርፌ "በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አይሆንም። ደህና ነኝ ሲስተር፣ በጣም ደህና ነኝ" አለች። ፈጥና ነው የተናገረችው። ሲስተር ሰዎቹን ልታስወጣ ስትጀምር ስልኳ ጮኸ፣ ሌላ ወላድ መጥታለች ተባለ። ልትወጣ ስትል ወደ እኔ ዞረች።
"የምታጥቢው አንቺ ነሽ አይደል? ስንት ነው በቀን?"
ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እማማም፣ እቴ ትርፌም። ቁጥሩ አፌ ውስጥ ነበር። አራት። ሦስት የነበረው ትናንት አራት ሆኗል።
"ትንሽ" አልኩ።
"ትንሽ ስንት ነው?"
"ትንሽ።"
"ተያት፣ ዓይን አፋር ናት" አሉ እማማ። ሲስተር ሄደች።
አራት ብዙ አይደለም። ሰባት ነበር እኮ።

ነሐሴ 13
አራት።

ነሐሴ 14
ሦስት። ግን ከባድ ናቸው፣ ሲጨመቁ አያልቁም። ሽታም አለ። ዝናብ ስለሆነ እርጥብ ጨርቅ ይሸታል።

ነሐሴ 15
ዛሬ ከጨርቁ ውስጥ የረጋ ደም ወደቀ። እንደ ዶሮ ጉበት ነው። ሁለት። ወንዙ ዳር በእንጨት ቆፍሬ ቀበርኩት።
ለእማማ ልነግራቸው ሄድኩ። ምድጃው ጋር ነበሩ። "ምነው?" አሉኝ። "ሳሙናው አልቋል" አልኩ።

ነሐሴ 17
ጋሼ ዕንባቆም መጣ። ምዝገባው ነሐሴ ሃያ ስድስት ይጀምራል፣ እስከ መስከረም አምስት ነው አለ። ካርዴን አምጥቼ አሳየሁት። በሒሳብ ሰማንያ ዘጠኝ ማግኘቴን አይቶ "እንዲህ ነሽ ለካ!" አለ።
ከዚያ "እህትሽ ፊቷ ገረጣብኝ፣ ደህና ናት?" አለኝ ለብቻዬ።
"ደህና ናት።"
አራስ ይገረጣል። እማማም እንዲህ ነው ያሉት። ቤት ውስጥ ስለዋለች፣ ፀሐይ ስላላየች ነው። ቅዳሜ ሲመለስ ሃያ አራት ነው። ከዚያ ሁለት ቀን። እሷ ሆስፒታል ብትገባ ሕፃኗን የሚይዝ ማን አለ? እኔ ነኝ። መስከረም አምስት ደግሞ አይጠብቅም።
እንዲህ ያሰብኩት ለአፍታ ነው። ባልጻፍኩት ይሻል ነበር።

ነሐሴ 18
ለሽንት ስትነሳ ወደቀች። ያዝኳት። እጇ ቀዝቃዛ ነው፣ ግንባሯ ግን ይፋጃል። እማማ ገንፎ ጨመሩላት፣ ቅቤ ጨመሩላት። "ደም የሚተካው ይሄ ነው" ይላሉ። በጉንጯ ይዛው ቆየች እንጂ አልዋጠችውም። የቸርቹ ሴቶች መጥተው ጸለዩ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ። ግን በጸሎቱ መሃል ስቆጥር ራሴን ያዝኩት።
ጨርቅ ሁለት ብቻ ነው የሰጠችኝ። ሁለት! እንግዲህ ቀንሷል ማለት ነው።

ነሐሴ 19
ሆሳዕና። ሆስፒታል ነን። በሕይወት አለች። ነገ እጽፋለሁ።

ነሐሴ 20
ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ነው።
ትናንት የገበያ ቀን ነበር፣ እማማ ከጠዋት ወጥተዋል። አራት ሰዓት ገደማ ደጅ እንጨት ስሰበስብ እቴ ትርፌ ጠራችኝ። ድምጿ ሩቅ ነው፣ ከጎረቤት የምትጠራኝ ይመስላል። ስገባ ፊቷ እንደ ቡላ ነጥቷል።
"ማራኪ፣ የሚፈስ ነገር አለ" አለች።
ጋቢውን ገለጥኩ። ፍራሹን አልፎ መሬቱ ላይ ነው።
"ለማንም አትንገሪ" አለች። "አሁን ይቆማል። እባክሽ፣ ለማንም።"
እንዴት እንዳደረግኩት አላውቅም። በሩ ኋላ ቆሜ የሰማሁት ሁሉ በቅደም ተከተል መጣ። ሆዷን ዳሰስኩ፣ እንደ ሊጥ ላልቷል። ከእምብርቷ በታች በመዳፌ ጫን ብዬ አሸሁ፣ "ያመኛል" እያለች። የረጋ ደም ወጣ፣ ትልቅ። ሳህን አቅርቤ አሸናኋት። ሕፃኗን ጡቷ ላይ አስያዝኩ። ትራሱን ከራሷ ስር አውጥቼ እግሯ ስር አደረግኩ። በጋቢ ሸፈንኳት። ሆዷ ትንሽ ጠንከር አለ፣ እጄን ሳነሳ መልሶ ይላላል።
መሄድ አለብኝ። እጄን ካነሳሁ ይፈሳል። ካላነሳሁ የሚሰማኝ የለም። እጄን ሳላነሳ ወደ በሩ ዞሬ ለመጮህ ሞከርኩ። ድምፄ አልወጣም። ሁለተኛ ሞከርኩ። የወጣው የኔ የማላውቀው ድምፅ ነው።
"ጠና! ጠና! ጠና!"
አባቴ የሚሆን ሰው ነው፣ ጋሼ እንኳ አላልኩትም። መጀመሪያ የደረሰችው ሐዳሳ ናት፣ ያን ሆዷን ይዛ። መሬቱን አይታ አፏን ያዘች። ከዚያ ሕፃኗን ተቀበለችኝ። ጠና እህቴን እንደ ልጅ አቅፎ ወደ ባጃጁ ወሰዳት። በመንገዱ ሁሉ አሸሁ። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር "ይቅርታ፣ ይቅርታ" ይላል ጠና፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።
ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሲስተር ዮዲት በእህቴ ሁለቱም እጅ ላይ ግሉኮስ ሰካች፣ ማህፀን የሚያኮማትረውን መርፌ ወጋቻት፣ ሆዷን ተቀበለችኝ። "ተይው፣ በቃሽ፣ ያዝኩት" እስክትለኝ ድረስ እጄን አላነሳሁም ነበር።
"ከመቼ ጀምሮ ነው? ስንት ጨርቅ? የረጋ ነበረው?"
ያ ሁሉ ጩኸት የት እንደገባ አላውቅም። አጀንዳው ሹራቤ ስር ነበር። አውጥቼ ሰጠኋት።
ሁሉንም አነበበች። ቁጥሩን ብቻ ማንበብ ትችል ነበር፣ ግን ሁሉንም ነው ያነበበችው። የነሐሴ አሥራ ሰባትንም። ከዚያ ስልክ ደውላ ከገጹ ላይ እያየች ለሆሳዕና ሆስፒታል ተናገረች፤ ሰባት፣ ስድስት፣ አምስት፣ ሦስት፣ ከዚያ ተመልሶ አራት። ሽታ ከአሥራ አራት። የረጋ ደም ከአሥራ አምስት። እኔ የጻፍኩት ነው፣ ሲነበብ ግን የሌላ ሰው ይመስላል።
አምቡላንሱ እስኪመጣ በቀይ እስክሪብቶ ነሐሴ 15 ከሚለው ስር አሰመረች።
"አየሽ፣ እዚህ ጋ ቢሆን በእግሯ ነበር የምትመጣው" አለች።
አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 21
ዶክተሩ የእንግዴ ልጁ ቁራሽ ውስጥ ቀርቶ ነበር አለ። ማህፀኑ በሱ ምክንያት መኮማተር አልቻለም፣ ቁራሹም ተበላሽቶ መርዟል። ጠርገው አወጡት። ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣት። ጋሼ ዕንባቆም እሱም ሰጠ፣ ክንዱ ላይ ጥጥ ለጥፎ አጠገቤ ተቀመጠ። ምንም አልጠየቀኝም። ቅዳሜ "ደህና ናት" ያልኩት እሱን ነው። የጠየቀበትን ቀን እሱም የሚያስብ ይመስለኛል።

ነሐሴ 22
እማማ ሕፃኗን አዝለው ከጃጁራ መጡ። ጫማቸው ጭቃ ነው። በእጃቸው ጥቁር ፌስታል ይዘዋል። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ከፈቱት።
"ይሄን ታውቂያለሽ?"
ጨርቅ ነው። ያልታጠበ፣ እርስ በርሱ ደርቆ የተጣበቀ። ፍራሹን ሲያነሱ ከስሩ አገኙት። አሥራ አንድ።
"አላውቅም እማማ።"
"እኔም አላውቅም" አሉ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡ። እማማን መሬት ላይ ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም። "በላይዋ ላይ ቆሜ ገንፎ እሰጣታለሁ፣ ከስሯ ደግሞ ይሄ አለ" አሉ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ እንዲሁ አሉ።
አራት ብዬ የጻፍኩት ስድስትም ሰባትም ነበር። ሁለት ብዬ "እንግዲህ ቀንሷል" ያልኩትማ ስንት ነበር? ሲስተር በስልክ ያነበበችው ቁጥር ትክክል አልነበረም። የተሰጠኝን ነው የቆጠርኩት።

ነሐሴ 24
ዛሬ ትንሽ ተናገረች። ጋሼ ዕንባቆም መድኃኒት ሊገዛ ወጥቷል፣ እማማ ሕፃኗን ይዘው ደጅ ናቸው።
"ፌስታሉን አገኙት?" አለች።
"አዎ።"
ከዚያ ጣሪያውን እያየች ነገረችኝ። እሷ እንዳለችው እጽፈዋለሁ።
"አንቺ ስትወለጅ የእናታችንን ጨርቅ የማጥበው እኔ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በአምስተኛው ቀን ብዛቱ አስፈራኝና ለጎረቤት ሮጬ ተናገርኩ። ወንዶቹ ቃሬዛ ሠርተው ተሸክመው ሄዱ። እናታችን ከቃሬዛው ላይ ዞራ አየችኝ። መንገድ ላይ ሞተች፣ በዚያው ቃሬዛ መለሷት። እኔ ባልናገር ኖሮ ከቤት አትወጣም ነበር። ለዚህ ነው እኔ የደበቅኩት። አንቺም አይተሽ እንዳትናገሪ። እንደኔ እንዳትሆኚ።"
እሷ ስለተናገረች፣ እኔ ስላልተናገርኩ፣ ሁለታችንም እዚያችው ቃሬዛ ስር ነን። እጇን ያዝኩ። አልጨበጠችኝም፣ አልሳበችውምም።

ጳጉሜን 1
ወደ ጃጁራ ተመለስን። ሲስተር ዮዲት ልታያት መጣች። እማማ ሳይጠየቁ ሰውን ሁሉ አስወጡ፣ በሩንም ዘጉ።
ሲስተር ስትወጣ ደጅ ተከትያት ሄድኩ። ስለ እናታችንና ስለ ቃሬዛው ነገርኳት። በሕይወቴ ለሰው እንዲህ ረጅም ተናግሬ አላውቅም፣ እየተንተባተብኩም ቢሆን ጨረስኩት።
"እህትሽ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና ከሁሉም ቀድማ አይታለች" አለች ሲስተር። "የዘገየችው እሷ አይደለችም። መንገዱ ነው፣ ትልልቆቹ ናቸው። ንገሪያት።"
"እኔስ?" ማለት ፈልጌ ነበር። አልጠየቅኩም። እሷም አላለችም።

መስከረም 6
ምዝገባው ትናንት ተዘጋ። ጋሼ ዕንባቆም "ለከርሞ" አለ። የእቴ ትርፌ ጡት ወተቱ ቀንሷል፣ ሕፃኗን በጠርሙስ የማጠባው እኔ ነኝ። ልጆቹ አዲስ ቦርሳ ይዘው በአጥሩ ሥር ሲያልፉ አየሁ። ማዘን እንደሌለብኝ ለራሴ ነገርኩት። ነሐሴ አሥራ ሰባትን አውጥቼ አነበብኩ፣ መልሼ ዘጋሁት።

መስከረም 16
ያሆዴ ነው፣ የሀዲያ ዘመን መለወጫ። ሰፈሩ በሙሉ ይጨፍራል፣ ችቦው ተዘጋጅቷል። እቴ ትርፌን ደጅ አውጥተን በርጩማ ላይ አስቀመጥናት። ከበሮውን ስትሰማ ጣቷ ጋቢው ላይ ሁለት ጊዜ መታ፣ ከዚያ ደከመው። ደረጃዋን ለመውጣት አሁንም ክንዴን ትይዛለች። ሲስተር የነገረችኝን ነገርኳት። "እንዲህ አለች?" አለች። ከዚያ በኋላ ስለዚያ አላነሳንም። ማታ ስትተኛ ግን "ድገሚልኝ" አለችኝ። ደገምኩላት።
እማማ ከዚያ ኮሪደር ወዲህ አላናገሩኝም ማለት ይቻላል። ምግብ ያቀርቡልኛል። ዓይኔን አያዩም። የጻፍኩትን ሰው ያስነበቡ ይመስለኛል።

ጥቅምት 6
ሐዳሳ ትናንት ወለደች፣ ወንድ። እስከ ዛሬ ጤና ጣቢያ አድራ መጣች። ጠና ባጃጁን በኮባ ቅጠል አስጊጦ ነው ያመጣት።
ከሰዓት የጠና እናት ወደ እኛ ቤት መጡ። "ያቺን ዝምተኛ ልጅ አውሱን። ጨርቅ የሚያጥብ፣ ወሬ የማያወጣ ሰው ነው የምፈልገው" አሉ።
እቴ ትርፌ ቀና አለች። እኔ ጠርሙሱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።
"ትመጣለች" አሉ እማማ። "ግን ሳይነጋ አይደለም። ነግቶ፣ ዓይን እያየ ነው የምታጥበው። መጀመሪያ ደግሞ እኔ አያለሁ።"
"ምን? የሰው አራስ ደም ልታዪ?"
"አዎ።"
"ዓለሚቱ፣ ጤና የለሽም እንዴ? እኔና አንቺ ስንወልድ ማን አየልን?"
"ማንም" አሉ እማማ። "ሁለት ልጅ የቀበርኩት፣ እኔም እናታቸው ልሞት የነበረው ለዚህ ነው። እኔ በምን ተረፍኩ? በዕድል ነው። የልጄ ሚስት ግን በዚች ልጅ እጅ ነው የተረፈችው።"
የጠና እናት እያጉረመረሙ ወጡ። እማማ ከምድጃው ጎን ሳህን አነሱና ጨርቁን አምጪበት ብለው ሰጡኝ። ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩኝ።
"ከአልጋው ስርም እይ" አሉ። "ከፍራሹም ስር። ከዚያ መጥተሽ ንገሪኝ። ጮክ ብለሽ።"

ጥቅምት 7
ከፍራሹ ስር ምንም የለም። ሐዳሳ "ምን ትፈልጊያለሽ?" ብላ ሳቀችብኝ፣ ቆይታ ሳቋን ተወችው። ጋቢዋን ራሷ አነሳችልኝ።
አምስት። የረጋ የለውም። ሽታ የለውም።
ነገርኳቸው።

ጥቅምት 8
አራት። ነገርኳቸው።